የሳሙኤል ሞርስ ታሪክ እና በመድረክ ላይ ሳልናገረው የቀረሁት ነገር

የታዋቂ ሰዎች ዓምድ በዚህ እትም ለእኔ ደርሶኛል። ስለ ሳሙኤል ሞርስ ልጽፍላችሁ ነው። ስሙን የምታውቁት በሞርስ ኮድ ይሆናል፤ ያ ነጥብና ሰረዝ፣ ፊልም ላይ መርከብ ሲሰምጥ ቲት ቲት የሚለው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ ብጽፍ እናንተም ትሰለቻላችሁ፣ የእኔም እጅ ይዝላል።

እሱን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ወር የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ክርክር ማዘጋጀቱን ታስታውሳላችሁ። ሁልጊዜ እውቀት ይበልጣል ወይስ ገንዘብ፣ ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር እያልን ስንከራከር የሳይንስ መምህራችን ሰለቻቸው መሰለኝ አዲስ ርዕስ ሰጡን። አማተር ሬዲዮ የሚሠራ ሰው የሞርስ ኮድ የመማር ግዴታ ሊኖርበት ይገባል ወይስ አይገባም? የሚል ነው። ርዕሱን ስንሰማ ግማሾቻችን ሳቅን፤ አማተር ሬዲዮ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ።

አማተር ሬዲዮ ማለት ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ የራሱን መላኪያና መቀበያ ይዞ ከሌላ አገር ሰው ጋር በሬዲዮ የሚገናኝ ሰው ሥራ ነው። ዝም ብሎ ግን አይጀመርም። ፈተና አለው፣ ፈቃድ አለው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጥ የጥሪ መለያም አለ። የኢትዮጵያ የጥሪ መለያ የሚጀምረው ኢቲ በሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። ድሮ በብዙ አገር ይህን ፈቃድ ለማግኘት ሞርስ ኮድን በጆሮ ሰምቶ መጻፍ ግድ ነበር። በአሜሪካ ለከፍተኛው ደረጃ በደቂቃ 20 ቃል፣ ለመካከለኛው 13፣ ለጀማሪ 5 ቃል መስማት ይጠበቅ ነበር። በኋላ ይህ ቀረ። ሊቀር ይገባ ነበር ወይ? ክርክሩ ይኸው ነበር።

እኔ ግዴታ ይሁን በሚለው ቡድን ተመደብኩ። ዕጣ ነው፤ ሐሳቤ አልነበረም። አሸነፍን። አጨበጨባችሁልን፣ እስክሪብቶም ተሸለምን። ግን ለክርክሩ ስዘጋጅ የሞርስን ታሪክ ሳነብ ያገኘሁትንና ቡድኔን እንዳልጎዳ ብዬ በመድረክ ላይ የዋጥኩትን ነገር እዚህ መጻፍ አለብኝ። ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱን ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ።

ሳሙኤል ሞርስ የተወለደው ሚያዝያ 27 ቀን 1791 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ቻርልስታውን በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ የጂኦግራፊ መማሪያ መጻሕፍትም ይጽፉ ነበር። ሳሙኤል የቤቱ የበኩር ልጅ ነው። ዬል በሚባለው ኮሌጅ ተምሮ በ1810 ተመረቀ። እዚያ ሳለ ስለ ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ትምህርቶችን ተከታትሏል። ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ኢንጂነር መስሎኝ ነበር፤ ሰውዬው ሠዓሊ ነው! በ1811 ሥዕል ሊማር ወደ እንግሊዝ ሄዶ አራት ዓመት ቆየ። ሲመለስ ሰው እየሣለ ነው የኖረው። ከከተማ ከተማ እየዞረ የሰዎችን መልክ ይሥላል፣ ይከፈለዋል፣ ይቀጥላል።

በ1818 ሉክሬሽያ ዎከር የምትባል ልጅ አገባ። ልጆችም ወለዱ። ገቢው አነስተኛ ስለነበር ቤተሰቡን ኒው ሄቨን ከወላጆቹ ጋር አስቀምጦ እሱ ሥራ ፍለጋ ይንከራተት ነበር። በ1825 መጀመሪያ ላይ ትልቅ ዕድል መጣለት። የኒው ዮርክ ከተማ ላፋዬት የሚባለውን ፈረንሳዊ ጀግና በ1,000 ዶላር እንዲሥል ቀጠረው። ላፋዬት በጊዜው ዋሽንግተን ስለነበር ሞርስም ወደዚያ ሄደ። ሥዕሉን ጀመረ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር መጽሐፉን እንድዘጋና ትንሽ ዝም እንድል ያደረገኝ ነው። ሚስቱ ሦስተኛ ልጃቸውን ወልዳ አራስ ነበረች። የካቲት 7 ቀን ድንገት ሞተች። አባቱ ደብዳቤ ጻፉለት። ደብዳቤው በፈረስ ጋሪ ተጉዞ ዋሽንግተን እስኪደርስ ቀናት ወሰደ። ሞርስ ሥዕሉን ጥሎ በተገኘው ጋሪ ሁሉ እየተሳፈረ ኒው ሄቨን ሲደርስ ሚስቱ ተቀብራ ነበር። አልቀበራትም።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። በእኛ አገር ሰው ቀብር ሳይደርስ ሲቀር ምን ያህል እንደሚቆጨው ታውቃላችሁ። የእኔ አያት ድሮ ቴሌግራም መጣ ሲባል ወረቀቱ ሳይነበብ ለቅሶ የሚጀምሩ ሰዎች እንደነበሩ ነግራኛለች፤ በቴሌግራም የሚመጣው ብዙ ጊዜ መርዶ ስለነበር። ሳስበው ይገርመኛል። ሞርስ ያኔ ቴሌግራም ቢኖር ኖሮ መርዶው በዕለቱ ይደርሰው ነበር። ቴሌግራፍን የሠራው በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይህን እንደ እውነት አልጽፍም፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ሥዕሉን ነበር የሚሠራው። በ1826 ኒው ዮርክ ውስጥ የሠዓሊዎች አካዳሚ ከጓደኞቹ ጋር አቋቁሞ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ከዚያ እንደገና አውሮፓ ሄደ። ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ የሌሎችን ሥዕሎች በአንድ ትልቅ ሸራ ላይ አሰባስቦ ሣለ።

ነገሩ የተጀመረው በ1832 ከአውሮፓ ሲመለስ መርከብ ላይ ነው። መርከቧ ሱሊ ትባላለች። በምሳ ሰዓት ቻርልስ ጃክሰን የሚባል ሐኪም ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት ሲያወራ ሰማ። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ የቱንም ያህል ርቀት በቅጽበት የሚሄድ ከሆነ ወሬንስ ለምን ይዞ አይሄድም? ብሎ አሰበ። መርከቧ ኒው ዮርክ እስክትደርስ ማስታወሻ ደብተሩን በንድፍ ሞላው። እኛ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ምስማር ላይ ሽቦ ጠምጥመን ከባትሪ ድንጋይ ጋር ስናገናኘው ምስማሩ ስፒል አንስቶ የለ? ሽቦውን ከባትሪው ስናላቅቀው ስፒሉ ይወድቃል። የሞርስ ቴሌግራፍ በቃ ይኸው ነው። አንዱ ሰው እዚህ ቁልፉን ሲጫን እዚያ ማዶ ማግኔቱ ብረቱን ይስባል። አጭር ከተጫነ ነጥብ፣ ረዘም አድርጎ ከተጫነ ሰረዝ።

መጀመሪያ የሠራውን ማሽን ፎቶ አይቼዋለሁ። ሸራ የሚወጠርበትን የእንጨት ክፈፍ ጠረጴዛ ላይ ቸንክሮ ነው የሠራው! እርሳስ ተንጠልጥሎበታል፣ ከሥሩ ወረቀት ይንቀሳቀሳል። ገንዘብ አልነበረውም። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል መምህር ቢሆንም ከትምህርት ቤቱ ቋሚ ደመወዝ ሳይሆን ከተማሪዎቹ የሚከፈለውን ነበር የሚያገኘው። በ1837 ደግሞ በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ትልቅ ሥዕል ለመሣል የነበረው ተስፋ ከሸፈ። በዚህ በጣም አዘነ፤ ከዚያ በኋላ ሥዕልን እየተወው ሄደ።

ብቻውን ሠራው እንዳልል ደግሞ ታሪኩ አይፈቅድልኝም። ማሽኑ መጀመሪያ ረጅም ርቀት አይሄድለትም ነበር፤ ሽቦው ሲረዝም ኃይሉ ይደክማል። የኬሚስትሪ መምህሩ ሊዮናርድ ጌል ባትሪውን እንዲያበዛና የማግኔቱን ጥምጥም እንዲጨምር አሳየው። ጌል ያንን ያወቀው ጆሴፍ ሄንሪ ከተባለው ሳይንቲስት ጽሑፍ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 16 ኪሎ ሜትር በሚሆን ሽቦ መልእክት ላኩ። አልፍሬድ ቬይል የሚባል ወጣት ደግሞ የአባቱ ብረት ፋብሪካ ስለነበረ ማሽኑን አሳምሮ ሠራለት። በእንግሊዝም ኩክና ዊትስተን የሚባሉ ሰዎች በዚያው በ1837 የራሳቸውን ቴሌግራፍ ሠርተዋል።

ኮዱን በተመለከተ መጀመሪያ የሞርስ ሐሳብ ሌላ ነበር። ለእያንዳንዱ ቃል ቁጥር ሰጥቶ ትልቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ቁጥሩ ይላካል፣ ተቀባዩ መዝገቡን ገልጦ ቃሉን ይፈልጋል። አስቡት፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ለማንበብ ስንት ገጽ እንደሚገለጥ! በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል ምልክት ተሰጠው። ይህን ያወጣው ሞርስ ነው ወይስ ቬይል እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብልሃቱ ግን ደስ ይላል። ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደላት በየሳጥናቸው ይቀመጣሉ፤ በብዛት የሚፈለገው ፊደል ሳጥኑ ትልቅ ነው። እሱን አይተው ብዙ ጊዜ ለሚመጣው ፊደል አጭሩን ምልክት ሰጡት። በእንግሊዝኛ ብዙ የሚመጣው ኢ የሚባለው ፊደል ስለሆነ አንዲት ነጥብ ብቻ ሆነ። ቲ አንድ ሰረዝ። እምብዛም የማይፈለገው ኪው ግን ሰረዝ ሰረዝ ነጥብ ሰረዝ ነው።

እኔና ጓደኛዬ ይህን እንዳነበብን የአማርኛ መጽሐፋችንን አንድ ገጽ ገልጠን ፊደል ቆጠርን። ከሁሉ በዝታ ያገኘናት ን ናት፣ ት ተከተለቻት። ለእኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ ነጥቧ ለን ትሰጥ ነበር ማለት ነው። ግን የእኛ ፊደል ከነእርባታው ከ200 በላይ ስለሆነ ለሌሎቹ ምን ያህል ሰረዝ እንደሚያስፈልግ ስናስብ ደከመንና ተውነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሞርስ ከመንግሥት ገንዘብ ለማግኘት ዓመታት ለመነ። በምክር ቤቱ የሚቀልዱበት ነበሩ። አንዱ አባል ገንዘቡ ከተሰጠ ሰውን በእጅ እንቅስቃሴ ለሚያፈዙ ሰዎችም ግማሹ ይድረሳቸው ብሎ አስቋል። በመጨረሻ 89 ለ83 በሆነ ድምፅ አለፈለት፤ በስድስት ሰው ብቻ ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ በሌላኛው ምክር ቤት ማለፍ ነበረበት። መጋቢት 3 ቀን 1843 የስብሰባው የመጨረሻ ሌሊት ነበር። ከእሱ በፊት የሚታይ ብዙ ጉዳይ ስለነበረ አይደርሰኝም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሄዶ ተኛ። በማግስቱ ጠዋት አኒ ኤልስወርዝ የምትባል የባለሥልጣን ልጅ መጥታ ሌሊት መጽደቁን አበሠረችው። 30,000 ዶላር ተፈቅዶለታል! ደስ ብሎት የመጀመሪያውን መልእክት አንቺ ትመርጫለሽ ብሎ ቃል ገባላት።

ገንዘቡ ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር፣ ወደ 64 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ርቀት መስመር መዘርጊያ ነበር። ሽቦውን በቧንቧ አድርገው መሬት ውስጥ ሊቀብሩት ጀመሩ። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከቀበሩ በኋላ ሲሞክሩት ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ አይሠራም። ከገንዘቡ ብዙው አልቋል። እዚህ ላይ ሞርስን ብሆን ጠፍቼ እቀር ነበር። እነሱ ግን የቀበሩትን ትተው ሽቦውን በምሰሶ ላይ ሰቀሉት። እስከ ዛሬ በየመንገዱ ዳር እንደምናየው ምሰሶ ማለት ነው።

ግንቦት 24 ቀን 1844 ሞርስ ዋሽንግተን በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ፣ ቬይል ባልቲሞር በባቡር ጣቢያ ተቀመጡ። አኒ ከእናቷ ጋር ተማክራ የመረጠችው ቃል ከኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 23 ቁጥር 23 የተወሰደ ነው፤ ቤት ስትገቡ አውጥታችሁ አንብቡት። ሞርስ ላከው፣ ቬይል ተቀብሎ መልሶ ላከለት። ከዚያ በኋላ ሽቦው አገር ለአገር ተስፋፋ። ወደ እኛም አገር በአፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባንና ሐረርን 477 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር አገናኝቷል።

እንግዲህ በመድረክ ላይ የዋጥኩት የመጀመሪያው ነገር እዚህ ጋ ነው። የሞርስ ማሽን ለጆሮ የተሠራ አልነበረም። ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ነው የተሠራው። ኦፕሬተሩ ወረቀቱ ሲወጣ አይቶ ይተረጉማል። ነገር ግን ብረቱ ብረቱን ሲመታ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው። የቴሌግራፍ ሠራተኞቹ፣ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፣ ቀን ከሌት ሲሰሙት ወረቀቱን ሳያዩ መረዳት ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ፈተና አልነበረባቸውም። በኋላ ወረቀቱ ራሱ ቀረና በጆሮ ሆነ። እኔ በመድረክ ላይ ያለ ግዴታ ማንም ከባድ ነገር አይማርም ብዬ ጮኬ ተናገርኩ፤ እናንተም አጨበጨባችሁ። ያነበብኩት ግን ተቃራኒውን ነበር።

አሁን ደግሞ ባልጽፈው ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ሞርስ ወደ አሜሪካ የሚመጡ ካቶሊክ ስደተኞችን ይጠላ ነበር። በዚህ አቋም በ1836 የኒው ዮርክ ከንቲባ ለመሆን ተወዳድሮ ወድቋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ባርነት ትክክል ነው ብሎ መጻፉ ነው፣ ያውም በ1863 አገሩ በዚሁ ጉዳይ በጦርነት ላይ እያለች። ቆዳቸው እንደ እኛ የጠቆረ ሰዎች እንደ ከብት እየተሸጡ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ዓምዱን ለሌላ ሰው ልቀይረው አስቤ ነበር። ቲቸርን ስጠይቃቸው የሰውየውን ታሪክ ከጻፍክ ሙሉውን ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩት። መርዶ ዘግይቶ ሲደርስ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ሰው፣ ሰው ከልጁ ተነጥሎ ሲሸጥ እንዴት አላመመውም? እኔ አልገባኝም።

በ1848 ሞርስ ሁለተኛ ሚስት አገባ። ሣራ ግሪስወልድ ትባላለች። መስማት የተሳናት ነበረች። አራት ልጆችም ወልደዋል። ይህን ዐረፍተ ነገር ሳነብ እርሳሴ ከእጄ ወደቀ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የክፍላችን አንዲት ልጅ አለች። ስሟን እንዳልጽፍ፣ ነገሩን ግን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ጆሮዋ በደንብ አይሰማም፤ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የመምህራንን አፍ ታያለች። ለክርክሩ ቡድን ስንመርጥ እጇን አውጥታ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ተቃዋሚ ሲናገር ካልሰማች እንዴት መልስ ትሰጣለች አለና ተዘለለች። ያ አንዱ እኔ ነኝ። ከክርክሩ በኋላ መጥታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። ፈተናው በጆሮ ሰምቶ መጻፍ ከሆነና ግዴታ ከሆነ እኔ አማተር ሬዲዮ መሥራት አልችልም ማለት ነው? አለችኝ። እስክሪብቶ የተሸለምኩት ተከራካሪ መልስ አጣሁ።

በክርክሩ ላይ ያልናቸው ነገሮች ውሸት አልነበሩም። ታይታኒክ በሚያዝያ 1912 ስትሰምጥ ጃክ ፊሊፕስ የሚባል የ25 ዓመት ኦፕሬተር እስከ መጨረሻው በሞርስ ኮድ ድረሱልን እያለ ላከ፤ እሱ ሞተ፣ ካርፓቲያ የምትባለው መርከብ ግን ጥሪውን ሰምታ ደርሳ ከ700 በላይ ሰዎች ተረፉ። ሞርስ ኮድ ቀላል በሆነ መሣሪያና በትንሽ ኃይል ይላካል። የሰው ድምፅ በጩኸት ውስጥ በማይሰማበት ጊዜ እንኳ ያች ቲት ቲት ትለያለች። ድሮ አማተሮች እንዲማሩ የተገደዱት ስለዚህ ነው፤ አየሩ ላይ አብረው ያሉት መርከቦች ሲጨነቁ እንዲያውቁና መንገድ እንዲለቁ። ግን መርከቦች ራሳቸው በ1999 በሳተላይትና በአዲስ መሣሪያ ተክተው ተዉት። በ2003 ጄኔቫ ላይ የዓለም አገሮች ተሰብስበው ጉዳዩን እያንዳንዱ አገር ራሱ ይወስን አሉ። አሜሪካ የካቲት 23 ቀን 2007 ፈተናውን አስቀረች። ብዙዎች ሞርስ ኮድ ሞተ ብለው አዘኑ። አልሞተም፤ ዛሬም ወደው የሚማሩት አማተሮች በየአገሩ አሉ፣ ልክ እንደ መጀመሪያዎቹ ወጣቶች።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ እስክሪብቶውን ካስገኘልኝ ሐሳብ የተለየ ነው። ሞርስ ኮድ ሊማሩት የሚገባ ነገር ነው፤ በር ላይ ቆሞ አንተ ግባ አንቺ ውጪ የሚል ዘበኛ ግን መሆን የለበትም። ያሸነፍንበትን ነጥብ መልሱ ካላችሁኝ እመልሳለሁ። እስክሪብቶው ግን አልቋል፣ ይህን የጻፍኩት በእሱ ነው።

የሞርስን መጨረሻ ልጨርስ። በ1854 ፍርድ ቤት የፈጠራ መብቱን አጸናለት፤ በኤሌክትሪክ ከሩቅ የሚጻፍ ነገር ሁሉ የእኔ ነው ያለውን ግን ከለከለው። ሀብታም ሆነ። በ1858 የአውሮፓ አገሮች ተባብረው 400,000 ፍራንክ ሸለሙት። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ኮድ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ጌርከ በ1848 ያሻሻለው ነው። በ1871 የቴሌግራፍ ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው ኒው ዮርክ ውስጥ ሐውልት አቆሙለት። በዚያ ምሽት ለሁሉም የስንብት መልእክት ተላከ፤ ስሙን ግን ሽማግሌው ራሱ በጣቱ ቁልፉን እየተጫነ ላከው። ሚያዝያ 2 ቀን 1872 በ80 ዓመቱ ሞተ። ሬዲዮ የሚባል ነገር አላየም፤ ማርኮኒ የተወለደው እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ለልጅቷ መልስ ያገኘሁት በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በወጣትነቱ የቴሌግራፍ ኦፕሬተር ነበር፤ ጆሮው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ይቸገር ነበር። ሁለተኛ ሚስቱን ለጋብቻ የጠየቃት እጇ ላይ በሞርስ ኮድ መታ መታ እያደረገ ነው ይባላል። ልጆቹን ነጥብና ሰረዝ እያለ በቅጽል ስም ይጠራቸው ነበር። ሞርስ ኮድ ለካ በጆሮ ብቻ አይደለም። በባትሪ መብራት ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል።

ባለፈው ሐሙስ በእረፍት ሰዓት የሳይንስ ክፍሉን ቁልፍ ከቲቸር ለምኜ ያንን የምስማር ማግኔት አወጣሁት። ከቆርቆሮ የተቆረጠች ቀጭን ብረት ከምስማሩ በላይ አሰርኩ፣ ማግኔቱ ሲስባት ትንቀጠቀጣለች። ልጅቷ ጣቷን ብረቷ ላይ አስቀመጠች፤ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ሽቦውን ባትሪው ላይ እየነካሁ ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ላኩላት። የኮዱን ሠንጠረዥ አንድ ሳምንት አጥንታው ነበር፣ እኔ ገና እያየሁ ነው የምልከው። ጨርሼ ቀና ስል ራሷን ነቀነቀች። ሰረዝ ማለት የሦስት ነጥብ ያህል መቆየት አለበት፣ አንተ ቶሎ ትለቃለህ፣ ስሜን ሳይሆን ሌላ ሰው ነው የጠራኸው አለችኝ። ደገምኩት። በሦስተኛው ገባኝ።

ሠንጠረዡን እሷ በቀይና በጥቁር እስክሪብቶ በዚህ መጽሔት የጀርባ ሽፋን ላይ ሥላዋለች። መማር የሚፈልግ ማክሰኞና ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ሳይንስ ክፍል ይምጣ። አስተማሪዋ እሷ ናት፤ እኔ ባትሪ ድንጋይ ነው የማቀርበው።